ጭብጨባ የሌለው ቅጂ

«አንተ አጨብጭብ፣ ወንድሜ። ላንተ እሱ ይበቃሃል።»

ይህን ያለው ፒያኒስቱ ነው። የተባለውም ለሽቦ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ፒያኒስቱ የሽቦን እህት ሊያገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ የሠርጉን ዘፈን ሲለማመድ። ሽቦ ሁለተኛውን ስንኝ ገና ከፍ አድርጎ ሲይዝ ሰውየው ጣቶቹን ከፒያኖው ላይ አነሣ፤ ፈገግ አለ፤ ያንን ተናገረ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽሪትም፣ የገዛ እህቱ፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች። ያቺን መዳፍ ሽቦ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ከዚያ ወዲህ ሽቦ አጨብጭቦ አያውቅም። በሠርጉ ዕለት እጁን ኪሱ ከትቶ ዋለ። የገዛ ልጁ ትምህርት ቤት ስትሸለም፣ ያ ሁሉ ወላጅ መዳፉ እስኪቀላ ሲያጨበጭብ፣ እሱ «በርቺ!» ብሎ ጮኸ እንጂ እጅ ለእጅ አላገናኘም። ሚስቱ «አጨብጭበህ ቢሆን እጅህ ይቆረጥ ነበር?» አለችው። ሰውየውን አንድ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ ብሎ የሚለውን ቃል በቃል አዘጋጅቶ ይዟል። ገላውን ሲታጠብ ይለማመደዋል።

ሽቦ ያሉት በሥራው ነው። ለስብሰባና ለድግስ ድምፅ ማጉያ ይዘረጋል፤ የተጠቀለለ ገመድ ካንገቱ አይወርድም። በቦርሳ የምትያዝ መቅጃም አለችው፤ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ በየራሱ መስመር ለይታ የምታስቀምጥ። ሐኪሙ አባቱን «ጉሮሮዎ ኦፕራሲዮን ሲደረግ ድምፅዎ አይተርፍም» ብሎ ቁርጡን የነገራቸው ጊዜ፣ ሽማግሌው «እንግዲያው ለእናታችሁ ያወጣኋትን ዘፈን ቅዱልኝ» አሉ። ሲሻላቸው፣ ልጆቻቸው ባሉበት፣ ሊሰሟት።

መጀመሪያ እሳቸው ብቻቸውን ዘፈኑ። በማግስቱ ጎረቤታቸው ጊታሪስቱ የሳቸውን ድምፅ በማዳመጫ እየሰማ ሁለተኛው መስመር ላይ መታ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እህቱ ሦስተኛው ላይ ተቀባይ ሆነች።

በመጀመሪያው ቀን እህቱ ነግራው ነበር።

«ሽቦዬ፣ አባባ ከመጀመሩ በፊት አንዴ አጨብጭብ። እኛም ስንቀዳ ያንተን ጭብጨባ እየሰማን አብረን እናጨበጭባለን። ኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ቢዛባ ጭብጨባውን ከጭብጨባው መግጠም ነው። ባለቤቴ ሁሌ እንደዛ ነው የሚያደርገው።»

ነገሩን ያበላሸችው የመጨረሻዋ ቃል ናት።

«ያንቺ ባል ነው ደግሞ እኔን ሥራ የሚያስተምረኝ?» አለና የመቅጃዋን ቁልፍ ተጫነ።

ይኸው ዛሬ እሑድ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ይመጣል። ሽቦ ጠዋት መቅጃዋን በገመድ ከኮምፒውተሩ አገናኘ፤ ሦስቱን ፋይሎች ገለበጠ፤ አንድ በአንድ ከፍቶ ሰማቸው፤ ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው። ለነገው ስብሰባ የመቅጃዋ ካርድ ባዶ መሆን አለባትና እዚያው ፎርማት አድርጎ አጠፋት። ልቡም ሞላ። ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ አስገብቶ አጫወታቸው።

ጉድ ፈላ።

አባቱ ትንፋሽ ሳይስቡ ጊታሩ ማዶ ደርሷል። እህቱ ገና ላልተጠራው ትቀበላለች። መቅጃዋ ላይ ሳሉ እንደ አንድ ሰው የነበሩት ሦስቱ፣ አሁን በአንድ በር ልግባ ልግባ የሚሉ የተጣሉ ዘመዳሞች መሰሉ። ነገሩ ቆይቶ ነው የገባው። እያንዳንዱ ፋይል የሚጀምረው ለዚያ ሰው ቁልፉ ከተጫነበት ቦታ ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ማን ቀድሞ ማን ዘግይቶ እንደገባ ሳይጠይቅ ሁሉንም ግራው ጫፍ ላይ ደርድሯቸዋል። መቅጃዋ ብቻ ታውቅ ነበር፤ የመቅጃዋን ሆድ ደግሞ በገዛ እጁ አጥቧታል።

«አንተ የማትረባ!» አለው ኮምፒውተሩን።

ጊታሩን በማውሱ ጎትቶ ወደ ቀኝ ወሰደው። ትንሽ ገጠመ ሲል፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ አባቱ እንደ ልማዳቸው አንዷን ቃል ጎትተው ጎትተው ሲለቋት ጊታሩ ቀድሞ ወደቀ። መለሰው። አሁን ደግሞ ዘገየ። አባቱ የሚዘፍኑት ልባቸው እንዳላቸው እንጂ በሰዓት አይደለም፤ የቱ ጋ መያዝ ይቻላል? መነሻው ላይ አንድ ጧ ያለ ምልክት ቢኖር ኖሮ... ይህን ሐሳብ ሳይጨርሰው አባረረው።

ጧ! ጧ!

ሽቦ ከወንበሩ ዘለለ። አባቱ ናቸው፣ ከሚቀጥለው ክፍል። ድምፃቸው ከሄደ ወዲህ ሰው የሚጠሩት በማጨብጨብ ነው። ያን ድምፅ ሽቦ ይጠላዋል፤ እሳቸውን ግን ምን ብሎ ይቆጣል?

በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። ሽማግሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ የክት ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ተላጭተው ተቀምጠዋል። ወደ ጆሯቸው ጠቆሙ፤ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ።

«ደርሷል፣ አባባ። ትንሽ ናት የቀረችው።»

ዋሸ። ተመልሶ ተቀመጠና ከንፈሩን ነከሰ። ፒያኒስቱ ከመድረሱ በፊት ካላለቀለት፣ ወይ አባቱ ዘፈናቸውን ሳይሰሙ ይቀራሉ፣ ወይ ያን ሰው «እባክህ» ይላል። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ለራሱም አልነገረውም።

ንዴቱ ሲብስበት የእህቱን መስመር ለብቻው አጫወተው። ከመቀበሏ በፊት ባለው ዝምታ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ትንኝ ጢዝ ሲል ሰማ። ድምፁን ከፍ አደረገ። አባቱ ናቸው! ከማዳመጫዋ ያመለጠ የአባቱ ድምፅ። ትዝ አለው፤ «ጆሮዬን አሳከከኝ» ብላ አንዱን ጎን ከፍታ ስትቀዳ፣ «ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ግጠሚው!» ብሎ ጮኾባት ነበር። እንኳን አልሰማችው። ትንኟን ከእውነተኛው ድምፅ ጋር እያስተያየ፣ እየገፋ፣ እየመለሰ፣ ሁለቱ አባቶቹ አንድ እስኪሆኑ ድረስ አጠጋቸው። እህቱ ቦታዋን አገኘች።

ተጣድፎ ወደ ጊታሩ ሄደ። እዚያ ግን ጭጭ። ጊታሪስቱ ታዛዥ ሰው ነው፤ ግጠመው ሲሉት ግጥም አድርጎ ነው የገጠመው። ሽቦ የሰውየውን ታዛዥነት ረገመ። ጊታሩን በግምት አስቀመጠው፣ አነሣው፣ አስቀመጠው። በሩ ተንኳኳ።

«ሽቦ ወንድሜ! ቤተሰቡ ሳሎን ሞልቶ አንተ ጓዳ ተሸሽገሃል?» ፒያኒስቱ ነው። እህቱ ከኋላው ናት።

«እየጨረስኩ ነው።»

«አሰማና!»

ሽቦ አጫወተው። የአባቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ እህቱ ተቀበለቻቸው፣ በቦታዋ። ዞር ብሎ ሲያያት አፏን በመዳፏ ሸፍናለች፤ ያችው መዳፍ። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

«አባባን...» አለች፤ ሌላ አልወጣትም።

ፒያኒስቱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያደምጣል። «የአባባና ያንቺ ሸጋ ነው። ጊታሩ ግን ይሮጣል። በጭብጨባው አትገጥመውም እንዴ? የታል ጭብጨባው?»

«የለም።»

«እንዴት የለም? መቅጃው ላይ እየው እስቲ።»

«ካርዱን አጥፍቼዋለሁ።»

«በሞትኩት!» ፒያኒስቱ ሳቀ፤ እንደ ድሮው፣ ክፋት በሌለው ሳቅ። «አንተ ሰውዬ፣ ማጨብጨብ እንኳ ያቅትሃል?»

እህቱ የባሏን ክንድ ያዝ አደረገች። ሽቦ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ያ በየገላ መታጠቢያው የተለማመደው፣ ቃል በቃል የያዘው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። የሰውየውን ፊት አየ። ያቺን ቅዳሜ ፈለገበት። የለችም። ምንም የለም። ሰውየው ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተክሎ፣ ጊታሩን በየት በኩል ይዞ እንደሚያስተካክለው ያስባል። ረስቶታል! ይህን ሁሉ ዘመን ሽቦ ብቻውን ነው የተሸከመው።

ጧ! ጧ!

አባቱ ናቸው። ቆይተው ደገሙት፤ ጧ! ጧ!

ሽቦ ማዳመጫውን ካንገቱ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ ፒያኒስቱ ፊት አኖረው። «ጊታሩን አንተ ግጠመው» ብሎ ወንበሩን ለቀቀለት።

«ምነው፣ ተቀየምክ እንዴ?» አለ ፒያኒስቱ።

ሽቦ በአጠገቡ አልፎ አባቱ ወዳሉበት ክፍል ሄደ።