እንፋሎቱ አይደለም

የስምንተኛ ክፍል መስኮት መስታወቱ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነኝና ወንበሬን ከዚያ ሥር አደርጋለሁ፤ በሩም ይታየኛል፣ ትምህርቱም ይሰማኛል። ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው ሁሉ ከዚያ መስኮት የወጣ ነው። ቅጠል በፀሐይ ምግቡን እንደሚሠራ፣ ሣሩ አይጡን፣ አይጡ ቀይ ቀበሮውን እንደሚያኖር። እግዚአብሔር ፍጥረቱን እንዲህ አያይዞ እንዳቆመው ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ያለፈው ክረምት በነሐሴ አጋማሽ ተቆረጠ። ጤፉ ሳያሽት ደረቀ። በመስከረም መረሬው ላይ፣ በጥቁሩ አፈር በቀረችው እርጥበት የዘራነው ጓያ ብቻ አፈራ፤ ጓያ ጥም ይችላል። ከጥር ጀምሮ በእኛ አካባቢ ብዙው ሰው እሱኑ በላ። ቆሎው ጓያ፣ ንፍሮው ጓያ፣ ቂጣው ጓያ፣ ጾሙ ሲገባም ሽሮው ጓያ።

ጓያ እግር እንደሚሰብር ማንም አያጣውም። የሚሰብረው ግን ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ስለዚህ ባለቤቴ ሰርካለም ድስቱን ደጅ ጥዳ፣ ጉልበቷን በጋቢ ጠቅልላ፣ ፊቷን አዙራ ነበር የምታማስለው። አንዲት ልጃችንን ማርያማዊትን ደግሞ እስኪበርድ ድረስ ከግቢ ታስወጣታለች። ሲበርድ ጠርተን እናበላታለን።

ማርያማዊት ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት፣ ጉልበት ያስፈልጋታል እያልኩ ከድርሻዬ እየቆረስኩ ወደ እሷ እገፋ ነበር። በመጋቢት መጀመሪያ “አባዬ፣ ባቴ ደረቀብኝ” አለችኝ።

“ከስግደቱ ነው። በረከት ነው ልጄ” አልኳት።

በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ነው። የባዮሎጂ መምህርቷ ፈውዚያ፣ የወረኢሉ ልጅ ናት፣ ሰሌዳው አጠገብ ቆማ ጠየቀች።

“ተክል ጠላት ሲመጣበት ይሮጣል?”

“ኧረ ቲቸር!” ተሳሳቁ።

“ታዲያ በምን ይከላከላል?”

“በእሾህ!”

“በመምረር! እንደ እሬት!”

“ጎበዞች። በውስጡ መርዝ የሚቋጥርም አለ።” ከኪሷ እፍኝ ጓያ አውጥታ አሳየቻቸው።

እንዳልካቸው የሚባለው ቀልደኛ ከኋላ ተነሣ። “ቲቸር፣ ካልቀቀሉት ግድ የለም! የእኛ እናት እኮ እንፋሎቱን ፈርታ ከጎረቤት ግቢ ሆና ነው የምታማስለው!”

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ፈውዚያ አልሳቀችም። ጸጥ እስኪሉ ጠበቀች።

“ስሙኝ። እንፋሎቱ ማንንም ሰብሮ አያውቅም። መርዙ ፍሬው ውስጥ ነው። ከሌላ እህል ጋር ጥቂት የሚበላ ሰው አይጎዳም። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩን የሚያዝዘው ነርቭ ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ ባቱ ይደርቃል።”

በመስኮቱ አየሁ። ማርያማዊት ሁለት እጇን ከዴስኩ ሥር አውርዳ ጉልበቷ ላይ አኖረች።

ደወሉ ሲደወል ፈውዚያን በሩ ላይ ጠበቅኋት።

“መምህርት፣ ባት ከደረቀ በኋላስ?”

“የማን ባት ነው ጋሽ ኪዳነ ማርያም?”

በአገጬ ወደ ውስጥ ጠቆምኩ። እሷ ዞር ብላ ወደ ክፍሉ አየች። ሌሎቹ ወጥተው ማርያማዊት ዴስኩን ጨብጣ ለመነሣት ትታገላለች።

“ያ ረቢ!” አለች ፈውዚያ በለሆሳስ። “ጓያ መብላቱን ዛሬውኑ ታቁመው። እናንተ ሌላ የምትበሉት ከጠፋ ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ ቀቅሉት። እሷን ግን ነገ ሐኪም ይያት።”

በማግስቱ በበቅሎ አድርጌ መካነ ሰላም ሆስፒታል አወረድኳት። ሐኪሙ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሯ ተወርውሮ ተነሣ። ደጋግሞ መታው። ከዚያ እኔን ሳይሆን እሷን እያየ ተናገረ።

“የሄደው አይመለስም፣ እህቴ። ካቆምሽ ግን ላይብስብሽ ይችላል።”

ቤት ስንደርስ ሰርካለም ጮኸች። “ውሸት ነው! እኔ አንድ ቀን እንፋሎት አላስነካኋትም!”

“አላስነካሻትም።”

“ታዲያ?”

“አበላናት፣ ሰርካለም። እኔ ደግሞ የራሴን ጨምሬ።”

መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሣችና ለዘር ያስቀመጥነውን ገብስ ከቆጡ አወረደች። ሰኔ ሲመጣ ምን እንደምንዘራ እሷም አላነሣችው፣ እኔም አልጠየቅኋት። ገብሱ ለማርያማዊት ሆነ። እኛ ጓያውን እንደተነገረን እያሳደርን፣ ውሃውን እየደፋን በላን።

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ቅጥሩ ውስጥ ሳለ፣ ቄሱን አስፈቅጄ ቆምኩ። መናገር አልችልበትም፤ የእኔ ነገር መስማት ነው። እንደምንም የሰማሁትን ነገርኳቸው።

“አንተ ዘበኛ አልነበርክም እንዴ? መቼ ሐኪም ሆንክ?” አለች በለጡ፣ ጎረቤታችን። ሰው ሳቀ። “ድስት ጥጄ ስሸሽ የኖርኩት በከንቱ ነው በለኛ!”

“በከንቱ ነው፣ እታለም።”

ሳቁ ቀረ።

“እሺ ይሁን” አለች በለጡ። “ታዲያ ምን እንብላ?”

“አሳድራችሁ ውሃውን ድፉት። እህል ያለው ይቀላቅልበት። እህሉን ለልጆች አስቀድሙ።”

“እህል የሌለውስ?” አለ አበጋዝ የሚባል አራሽ ከወንዶቹ በኩል።

ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ ወደ በሩ ማዝገም ጀመረ።

ያኔ ማርያማዊት ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። እኔ አላዘዝኳትም። በዱላዋ ተደግፋ፣ በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች፣ ጉልበትና ጉልበቷ እየተጋጨ፣ በሰዉ ፊት ከግንቡ እስከ በሩ ሄደች። ዞራ ተመለሰች። ፊቷ በላብ ርሶ ነበር። ሰርካለም ልትደግፋት ስትነሣ በእጇ ከለከለቻት።

“መቼ ጀመረሽ ልጄ?” አለች በለጡ። ድምፅዋ ሌላ ነበር።

“በመጋቢት፣ እትዬ በለጡ። መጀመሪያ ባቴን ነው።”

በለጡ ትንሹን ልጇን ወደ ራሷ ሳበችው። ተንበርክካ ባቱን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ዓይን ዓይኑን አየችው።