ሁለት ስለት ለአንድ ሚካኤል

ጨዋታው ሲያልቅ እናቴ እስከ አጥሩ ድረስ ወርዳ ወንድሜን ከሄልሜቱ እስከ ጫማው አየችው። ነጩ ማሊያው ላይ የሣር ምልክት እንኳ የለም።

«ተመስገን! ጭቃ እንኳ አልነካህም» አለችው።

የሊዑል ፊት ተለዋወጠ። «አንቺም ታሾፊብኛለሽ እማዬ?» ብሎ ሄልሜቱን አንጠልጥሎ ሄደ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አልኩት?»

ምንም አላለችውም። ያመሰገነችው ከልቧ ነበር። ለእሷ ንጹሕ ማሊያ ማለት ልጇ አጥንቱ ሳይነካ ቤቱ ይገባል ማለት ነው። ለሊዑል ግን ዛሬም አግዳሚ ወንበር ላይ ዋለ ማለት ነው።

ሊዑል ዴንቨር ውስጥ የፕሌይንስቪው ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሁለተኛ ኪከር ነው። ኪከር የሚባለው ሌሎቹ ሲገፋፉና ሲወዳደቁ ዳር ቆሞ ይጠብቅና፣ ሲጠራ ገብቶ ኳሷን በእግሩ መትቶ የሚወጣው ነው። አንደኛው ኪከር ታሞም ተጎድቶም ስለማያውቅ ሊዑል ሲዝኑን በሙሉ የሠራው ሥራ ቢኖር የእሱን ጃኬት መያዝ ነው። ዓመቱ ደግሞ የመጨረሻው ነው። የቀረው አንድ ጨዋታ ነበር፤ በእሱም ካልገባ አንድ ቀን ሳይጫወት ሊመረቅ ነው።

በዚያው ሳምንት እናቴ ሞንትቤሎ ሰፈር ካለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ የተጠቀለለ ቀይ ምንጣፍ አገኘች።

«ሕሩይ! ይሄ ምንጣፍ የማነው?»

አባቴ ከኤርፖርት ሥራው ገና መግባቱ ነበር። «የሚካኤል ነው። ስለት አለብኝ» አለ ጫማውን እየፈታ።

«ምን አድርግልኝ ብለህ?»

«ስለት ይወራል እንዴ?»

«ሕሩይ።»

«እሺ። ሊዑልን አንድ ቀን እንኳ ካስገባልኝ ብዬ ነው። ሃቫና ስትሪት አንድ ሱቅ በቅናሽ ስላገኘሁት ቀድሜ ገዛሁት።»

እናቴ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ደግሞ ለዚያው ለሚካኤል ጥላ ተስያለሁ። ሲዝኑ እስኪያልቅ ማንም እንዳይወድቅበት። እስካሁን ሰምቶኝ ነበር።»

«አንቺ ነሻ!» አለ አባቴ። «እኔ እኮ ኮቹን ስረግም ነው የከረምኩት።»

«ቅዱሳን ሞልተው የለም እንዴ? ገብርኤል ብትሄድ ምን ነበረበት?»

«አንቺ ለምን አትሄጂም? እኔ ከልጅነቴ የሚካኤል ነኝ።»

ነገሩ በሁለቱ መካከል የሚያልቅ ስላልመሰለ ለንስሐ አባታችን ለቄስ ወልደሚካኤል ተደወለና ስልኩ ስፒከር ላይ ተደረገ። ቄሱ አንዱን ወገን ሰሙ፣ ሌላውንም ሰሙ፤ ከዚያ ሳቅ የሚመስል ሳል ሳሉ።

«አንዱ አስገባው ይላል፣ አንዷ ማንም አይንካው ትላለች። መልአኩ ምን ያድርግ? ለመሆኑ ልጁ ምን ይላል?»

ሁላችንም ወደ ሊዑል ዞርን። ፍሪጁን ከፍቶ ጁስ ከነካርቶኑ እየጠጣ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

«መጫወት እፈልጋለሁ አባ» አለ። «ዋን ታይም። ዛትስ ኢት።»

«ሰማችሁ አይደል?» አሉ ቄሱ። «ለመልአኩ ተዉለት። እናንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ከመሳላችሁ በፊት ተመካከሩ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሊዑል ቦርሳውን ሲያነሣ እናቴ በሩ ላይ አስቆመችው።

«ገብተህ ብትመታ የሚወድቁብህ ስንት ናቸው?»

«ማንም። ኪከር ጎል ሲመታ መንካት አይቻልም። ሕግ ነው።»

«ሕግ አለው?»

«ቅጣትም አለው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም!» ብላ ትከሻውን መታችው።

ጨዋታ ለማስጀመር ኳሷን አርቆ ሲመታ ግን ሕጉ እንደዚያ እንደማይጠብቀው አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም።

ዕለቱ ከኅዳር ሚካኤል በፊት ያለው ቅዳሜ ነበር፤ በረዶ ይጥላል። ከእረፍት በፊት ታሞ የማያውቀው አንደኛው ኪከር ጭኑን ይዞ ወጣ። ኮቹ አግዳሚውን ወንበር ከዳር እስከ ዳር አየና ሊዑልን ጠራው። አባቴ ተነሥቶ ቆመ። እናቴ ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች።

ከእረፍት መልስ ጨዋታውን ለማስጀመር የመታው የመጀመሪያው ምቱ ጥሩ አልነበረም። ኳሷ አጭር ሆና ወደቀች። የተጋጣሚው ፈጣን ልጅ፣ ቁጥር ሃያ ሁለት፣ አፈፍ አድርጓት ተፈተለከ። የእኛዎቹ በረዶው ላይ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ቀሩ። በመጨረሻ በልጁና በእኛ የጎል መስመር መካከል የቆመው ሊዑል ብቻ ሆነ።

«ልቀቀው!» ብላ ጮኸች እናቴ። «ይሂድ! ምን አገባህ!»

ሊዑል አልለቀቀውም። ወገቡ ላይ ተጠመጠመበትና ተያይዘው ወደቁ። ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ።

እናቴ በእጆቿ ፊቷን ሸፍናለች። «ወደቁበት?»

አባቴ እንባው እየወረደ ይስቃል። «ኧረ ማንም አልወደቀበትም! እሱ ነው የወደቀበት። ከላይ ያለው የእኛ ነው!»

ሊዑል ተነሣ፤ ጓደኞቹ ሄልሜቱን እየደበደቡ ይዘውት ወጡ። ቁጥር ሃያ ሁለት ግን ጎኑን ይዞ ቀስ ብሎ ነበር የተነሣው። እናቴ ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ ሁሉ እሱን ብቻ ስትመለከት ቆየች። «የሰው ልጅ» ትላለች በየመሐሉ። «እናቱ መጥታ ይሆን?»

ቡድናችን ተሸነፈ። ሊዑል ከሜዳው ሲወጣ ግን ጥርሱ አልከደን ብሎት ነበር። እናቴ ጉንጩን ሳም አደረገችውና አልፋው ወደ ተጋጣሚዎቹ አውቶቡስ ሄደች። ቁጥር ሃያ ሁለትን ፈልጋ አገኘችው፤ እጁን ይዛ በልጇ ስም ይቅርታ ጠየቀችው። ምንም አልሆንኩም አላት። አላመነችውም፤ አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀች።