የሙሉ ጨረቃ ጎመን

አሰብ ላይ ጎመን የሚተከለው ሙቀቱ ጋብ በሚልበት በታኅሣሥ ነው። ሰብለወንጌልም ከመንዝ በጨርቅ ቋጥራ ያመጣችውን የመጨረሻ ዘር ለችግኝ አፈላች። ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋው ወዲህ ከደጋ አትክልት የሚያመጣ መኪና የለም፤ ወደቡም ሥራ ፈትቶ ባሏን ውብሸትን እቤት አውሎታል። ያገራቸው ሰዎች ጓዛቸውን እየሸከፉ ይወጣሉ። እርሷ ግን ሕፃን ልጇን የቀበረችበትን አፈር ጥላ መሄድ አልሆነላትም።

«ጓሮሽ ካበላን እንቆያለን» አላት ውብሸት። «ካላበላን ግን፣ ሰብልዬ፣ ሙታን አይራቡም፤ እኛ እንራባለን።»

ችግኙ ለመዛወር ደረሰ። አባቷ ጎመን የሚያዛውሩት ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነበር፤ በጎደለች ጨረቃ የተተከለ ሥር አይዝም ይሉ ነበር። ጠበቀች። ጨረቃዋ እንደ ሰፌድ ክብ ሆና ከባሕሩ በወጣች ማግስት ችግኙን ነቅላ በመደቡ ላይ ተከለችና ባልዲዋን ወደ ውሃ ጉድጓዱ ሰደደች።

ጎረቤቷ ከይሪያ፣ የባሕር ጠረፏ መንደር የበይሉል ልጅ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«እትዬ ሰብለ! ዛሬ ከዚህ ጉድጓድ ፍየሎቼ እንኳ አይጠጡም። ጨረቃ ስትሞላ ባሕሩ ከሥር ይገባል።»

«ባሕሩ የት፣ ጓሮዬ የት!»

«እንግዲያው ቅመሽው።»

ቀመሰችው። ጨው ጨው ይላል፤ ግን የዚህ ከተማ ውሃ መቼ ጣፍጦ ያውቃል? ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል፤ ችግኙም ዐይኗ እያየ ይጠወልጋል።

«የአባቴ ጨረቃ ከድታኝ አታውቅም» አለችና አጠጣች።

«የአባትሽ ጨረቃ ባሕር አይታ አታውቅማ!» ከይሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ።

ቅጠሎቹ መጀመሪያ ከጠርዛቸው ነጡ፤ ከዚያም እሳት እንደ ላሰው ወረቀት ተኮማተሩ። መደቡ ላይ ስስ ጨው ወጣ። ውብሸት አየው። ቃሉን ከአፉ አልጠበቀችም።

«ሂድና ከሚወጡት ጋር አስመዝግበን» አለችው ራሷ።

በሚሄዱበት ጧት ከይሪያን ወደ መቃብሩ ወሰደቻት። በልጇ ራስጌ የተከለቻት የኒም ችግኝ ገና ጉልበት አትደርስም።

«ውሃ ስታጠጪልኝ…» ብላ ጀመረች።

«ጨረቃ ስትጎድል ነው፤ ዐውቃለሁ። እስካለሁ ድረስ አጠጣልሻለሁ።»

የከይሪያ ፍየሎች ትናንት ድንበር አጠገብ ወዳለችው ራሔይታ ተነድተዋል፤ በረቱ ባዶ ነው። ሰብለወንጌል ይህን በዐይኗ አይታለች። አሰብ ላይ እስከ መቼ እንደምትቆይ ግን አልጠየቀቻትም።