ጋሽ ፍሬን በጠፈር ላይ

ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የጨረሱት ሰውዬ መናኸሪያ ውስጥ «ጋሽ ፍሬን» ይባሉ ነበር። ድመት ስታቋርጥ እንኳ ካዩ ቀጥ ነው። ተሳፋሪው ይነጫነጫል፤ እሳቸው ከመጤፍ አይቆጥሩትም። ጡረታ በወጡ ማግስት ግን ሕመም መጣና ቀኝ እጃቸውን አሰነፈው። ሐኪሙ «ያንቀሳቅሱት» ብሎ የጎማ ኳስ ሰጣቸው፤ ኳሱን መጭመቅ ወዲያው ሰለቻቸው።

ይሄኔ ትልቋ ልጃቸው በተማሪነቷ ዘመን ተጥዳ ትውልበት የነበረውን አሮጌ ኮምፒውተር ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። አቧራውን አራግፋ፣ ጆይስቲክ የሚሉትን እንደ ማርሽ ያለ ዘንግ አስጨበጠቻቸው።

«ይኸው አባዬ፣ የጠፈር ውጊያ ነው። በዚህ ትነዳለህ፣ በዚህች ትተኩሳለህ።»

«ማን ላይ ነው የምተኩሰው?»

«ቀዮቹ ላይ።»

«ምን አደረጉኝ?»

ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

መጀመሪያ ላይ ገና ከመነሳታቸው እየተመቱ ይጋዩ ነበር። ከዋክብቱ ነጫጭ ነጠብጣቦች፣ የጠላት መርከቦቹም ሕፃን በማስመሪያ የሳላቸው የሚመስሉ ሹል ነገሮች ናቸው። ቢሆንም እጃቸው እያደር ተፍታታ። ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ተዘግቶ ክፍሉ ደብዘዝ ሲል፣ ወንበራቸው ከወለሉ ብድግ የሚል ይመስላቸው ጀመር።

አንድ ቀን ቁስለኞች የጫነች መርከብ እንዲያጅቡ ታዘዙ። ውጊያው አለቀ፣ ቀዮቹ ሸሹ። የቁስለኞቹ መርከብ ግን ሞተሯ ተመትቶ ወደ ኋላ ቀረች። ስክሪኑ ላይ የአለቃው ትእዛዝ ብልጭ አለ፦ «ተዋትና ተመለስ!»

ጋሽ ፍሬን አልተመለሱም። ፍጥነታቸውን ቀንሰው ከጎኗ ገቡ።

«አባዬ፣ ጨዋታው አልቋል እኮ» አለች ልጃቸው። «ከዚህ ወዲያ ምንም የለም፤ ጨዋታውን የፈጠሩት ሰዎች አልሠሩትም።»

«ሰው ጭናለች። መንገድ ላይ ጥያት ልሂድ?»

«ሰዎቹ እኮ የሉም!»

«አንቺ ምን አለብሽ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

ልጅቷ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሁለቱ መርከቦች ጎን ለጎን መንሳፈፍ ያዙ። ከኮምፒውተሩ ማራገቢያ ጉርምርምታ በቀር ድምፅ የለም። ጋሽ ፍሬን የመርከቢቱን ትንንሽ መስኮቶች ሲያዩ፣ ከእያንዳንዱ ኋላ ጭንቅላቱን መስታወት ላይ አስደግፎ የተኛ ሰው ታያቸው። ከድሮ ተሳፋሪዎቻቸው ሁልጊዜ ፌርማታው ካለፈ በኋላ የሚነቃው ተማሪ አለ፤ ጫማዋን አውልቃ የምትተኛዋ ነርስም አለች። ከዋክብቱ እንደ ሩቅ መንደር መብራት ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይቀራሉ። የዓይናቸው ቆብ ከበደ።

ሲነቁ እጃቸው ባዶ ነው። ደንገጥ ብለው ቀና አሉ። ዘንጉን የያዘችው ልጃቸው ናት፤ የምላሷን ጫፍ ነክሳ፣ ከመርከቢቱ ሳትርቅም ሳትጠጋም ትነዳለች። ጋሽ ፍሬን ሌላ ሰው ሲነዳ ተረጋግተው ተቀምጠው አያውቁም። አሁን ግን ምንም አላስፈራቸውም።

«የት ደረስን?»

«እኔ እንጃ፣ አባዬ። ግን አብረውን ናቸው። አንተ ተኛ።»

ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ሳብ አደረጉና ራሳቸውን ወደ ከዋክብቱ አዘነበሉ።