የጠዋቱ ኪኒን
እትዬ መርፌ ይሏታል፤ እጇም አፏም ስለሚወጋ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ መስፋት ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስኳር አለብሽ ተብላ ኪኒን ሲታዘዝላት፣ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ዋጪ ተባለች። ዋጠች። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ተገለበጠና እስከ ምሳ ድረስ አራት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላለሰች። ተቆጣጣሪው ሰው ፊት፣ ማሽንሽን እዚያው እናስገባልሽ ወይ አላት። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ የጠዋቱን ተወች፣ ውላ አድራ የማታውንም። ቀጠሮዋ ሲቃረብ ግን ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ በሰዓቱ ትውጣለች፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ቤቱን እንደሚጠርግ ሰው።

ዘንድሮ ሐኪሙ ያዘዘው የደም ምርመራ የሦስት ወሩን የስኳር ጉድ የሚያወጣ ነበር። ውጤቱን አይቶ፣ መድኃኒቱን በደንብ ትወስጃለሽ ወይ ሲላት፣ አንድም ቀን አላጓደልኩ አለች። አመናት። እንግዲያው አንዱ ብቻውን አልቻለም ብሎ፣ ስኳር የሚያወርድ ሌላ ኪኒን ጨመረላት። ዓይንሽን ሳይነካው እንቅደመው አላት።

ዓይን ሲላት የምትሰፋውን ኮሌታ አሰበች። ሰፊ ያለ ዓይን ምን ይሆናል? በማግስቱ ሁለቱንም ዋጠች፤ ሆዴ ይረበሻል ብላም ቁርስ ሳትቀምስ ወጣች።

ረፋዱ ላይ ስኳሯ ወርዶ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መርፌው ጣቷን በስቶ ወጣ። ከጎኗ የምትሰፋው ታናሽ እህቷ ስኳር በጥብጣ አጠጣቻት፤ ነፍስ ስትዘራም ደግፋ ወደ ሐኪሙ ወሰደቻት።

እዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ የሽንት ቤቱን ነገር ስትናገር መሬት መሬት እያየች። ሐኪሙ አልተቆጣም። ሆድ የማይረብሽ ዓይነት አለ፣ ያኔውኑ ብትነግሪኝ ኖሮ እሱን እሰጥሽ ነበር አላት። ሁለተኛውን ኪኒን አስቀረና ዓይኗን እንድትታይ ላካት።

በዓይን ክፍሉ ነርሷ ግድግዳው ላይ ያሉት ምልክቶች ወዴት እንደዞሩ በእጅሽ አሳዪኝ አለቻት። ላይኞቹን አሳየች። ታች ያሉት አመድ የተነፋባቸው መሰሉ። እህቷ ከጎን ሆና በጣቷ ወደ ቀኝ ጠቆመቻት።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለቻት እትዬ መርፌ።

«እታለም፣ ከሥራ ቢያስወጡሽስ?» አለች እህቷ።

እሷ ግን ወደ ነርሷ ዞረች። «ከሦስተኛው መስመር በታች አይታየኝም» አለች። «እንደዚያው ብለሽ ጻፊው።»