የፈንታነሽ አውራ ጣት

ሞተሩ የዳገቱ አጋማሽ ላይ ጉልበት አጥቶ ቆመ። ፈንታነሽ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ፍሬኑን ጨብጣ ያዘችው። ቀኝ አውራ ጣቷ ከነዳጅ መስጫው ላይ ወርዶ፣ የእሷ እንዳልሆነ ሁሉ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

"ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ?" አለች። ለሞተሩ ይሁን ለጣቷ እሷም አላወቀችም።

ከኋላዋ የክትባት ሳጥኑ ታስሯል። ከዳገቱ ወዲያ ገበሬዎች ከማለዳ ጀምሮ ከብቶቻቸውን ይዘው እየጠበቋት ነው። ጣቷን ተወችና ነዳጅ መስጫውን በመዳፏ ሥር እየገፋች፣ ወገቧን ወደ ቀኝ አጣምማ፣ ሞተሩን እያስጓራች ወጣች። እንደ ደረሰች ሰማንያ ላም ለአባ ሰንጋ ከተበች። መርፌውንም የሚገፋው ያው ጣት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲገፋ ኖሯል።

ባለ አራት ጎማውን ሞተር እሷ ለምትሠራበት ለቢቸናው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ትቶት የሄደው ሥራውን የጨረሰ አንድ ፕሮጀክት ነበር። እንደ ሌላው ሞተር ነዳጁ በእጅ ተጠምዝዞ አይሰጥም። መሪው ላይ በቀኝ በኩል ጣት የምታህል ብረት አለች፤ እሷን በአውራ ጣት መግፋት ነው። አዲስ ሳለ ትንሽ ሲነኩት ይበር ነበር። አምስት ክረምት ጭቃ ጠጥቶ አሁን በር እንደ መግፋት ሆኗል።

ሐሙስ ዕለት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ታደለ ወደ ክፍሉ ጠራት። በዕድሜ ልጇ ይሆናል።

"እትዬ ፈንታነሽ፣ እጅዎን ያመዎታል እንዴ?"

"ማን ነገረህ?"

"የሪፖርቱን ፊርማ አየሁት። የእርስዎ አይመስልም።"

"ብርድ ነው፤ ያልፋል።"

"ከፈለጉ መዝገብ ቤት ባዶ ወንበር አለ። ሞተሩን ለሌላ ባለሙያ እንሰጠዋለን። ለእርስዎ አስቤ ነው፣ ደከሙ እኮ።"

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ደግነቱ አስፈራት።

ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ይታያል የሚባለው ልጇ ድሬዳዋ ይሠራል፤ ለበዓል ለበዓል ይደውላል። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ከአፏ ቃል የማይወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንድ እሑድ ድምፅዋ መኖሩን ለማወቅ ያህል የክትባት ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነብባለች። መንገድ ላይ ግን ከየማሳው ይጠሯታል። "እትዬ ፈንታ! ያቺ ላም ወለደችልኝ እኮ!" ይሏታል። እሷም ሞተሩን አቁማ ጥጃው ወንድ ይሁን ሴት ትጠይቃለች። መዝገብ ቤት ውስጥ ማን ይጠራታል?

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ለማንም ሳትናገር ተነሥታ ሞተሩን እየነዳች በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባች። ውበቴ የሚባል፣ የውኃ ፓምፕም ሞተርም የሚጠግን ሽማግሌ መኖሩን ሰምታለች። ቤቱ ደጃፍ ላይ ብሎን ሲለቅም አገኘችው።

ውበቴ ከሰላምታ በኋላ ችግሯን ሰምቶ ነዳጅ መስጫውን በራሱ ጣት ገፋ። ደግሞ ገፋ።

"ይኸን ነው ስትገፊ የኖርሽው?"

"ምን ላድርግ፣ አያ ውበቴ።"

ወደ ቤት ገብቶ ከሚስቱ የእህል ሚዛን ላይ ሁለት ባለ አንድ ኪሎ ብረት ይዞ ወጣ። አንዱን በሲባጎ ነዳጅ መስጫዋ ላይ አንጠለጠለው፤ አልተነቃነቀችም። ሁለተኛውን ሲጨምር ገና ሸርተት አለች።

"ሁለት ኪሎ በአንድ ጣት። ቀኑን ሙሉ" አለ።

ፈንታነሽ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ያመማት ነገር ክብደት እንዳለው ሰው ሲነግራት የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተመለሰች።

"የሚከብደው ውስጡ ያለው ሞላ ነው ይላሉ። አውጥተው ይጣሉልኝ።"

"ነዳጁን የሚመልሰው እሱ አይደለም? ሞላው ከወጣ እንደ ተጫነ ይቀራል። ቁልቁለት ላይ ማን ያቆምልሻል?"

"እንግዲያው የሚጠመዘዝ ያድርጉልኝ።"

"በጎርባጣው መንገድ በዘለልሽ ቁጥር እጅሽ ሳታስቢው ይጠመዘዛል። ቆይ፣ አትቸኩዪ።"

ከመሪው እስከ ሞተሩ የሚዘልቀውን ሽቦ ከማቀፊያው መዘዘው። አምስት ዓመት የደረቀ ጭቃ ተከትሎት ወጣ። ማቀፊያውም ከመሪው ሥር እንደ ክርን ታጥፎ ተገኘ። በላምባ አጠበው፣ ዘይት አጠጣው፣ ሳይታጠፍ ሰፋ አድርጎ በሌላ በኩል አሳለፈው። የሞላውን ዝገት ጠረገ። በመጨረሻ አንዲት ጠፍጣፋ ብረት በሁለት ብሎን ቀጥሎ ነዳጅ መስጫውን አስረዘመላት፤ ጣቷ ሲደክም በመዳፏ እንድትገፋው ነው። አንዱን ኪሎ ሲያንጠለጥልበት እስከ መጨረሻው ወረደ። ሲያነሣው ጠቅ ብሎ ተመለሰ። መሪውን ግራም ቀኝም አዙሮ አሥር ጊዜ ሞከረው።

"በይ ዙሪበት።"

ሰፈሩን ዞረች። ሞተሩ ገና ነካ ስታደርገው ይሄዳል። ሳታውቀው ሳቀች፤ ወዲያው ደስታዋን የምትነግረው ሰው ፈልጋ በሐሳቧ ማንንም አጣች። ተመልሳ ውበቴ ደጅ ቆመች።

"ልጅነቱ ተመለሰ" አለችው።

"እኔ ያቀለልኩት ሞተሩን ነው። ጣትሽን አልነካሁም። ለሐኪም አሳይተሻል?"

"አላሳየሁም።"

"ለቤት ሰውስ?"

"የቤት ሰው የለኝም፣ አያ ውበቴ።"

የቀበሌ ስም እንደምትናገር በቀላሉ ነበር ያለችው። ካለችው በኋላ ግን ራሷ ሰማችው። ውበቴ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ምሳ ቀርቧል! እንግዳይቱም ትግባ!" አለች ሚስቱ ይርጋነሽ ከውስጥ።

"መንገዱ ሩቅ ነው" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ገበሬዎቹ ማዕድ ሲያቀርቡላት "ጾመኛ ነኝ"፣ "በልቼ ነው የመጣሁት" እያለች ትሸሻለች። አንዳንዶቹ ኮርታለች ይሏታል። ጣቷ እንጀራ መቁረስ ካቆመ ወዲህ ቤቷን ዘግታ በማንኪያ ነው የምትበላው።

ሞተሩ ገና አልጠፋም። ይርጋነሽ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ በሩ ላይ ወጥታ ቆመች።

ፈንታነሽ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች። እጇን ታጠበችና ገብታ ተቀመጠች፤ ቀኝ እጇን ሁለቱም እያዩት ማዕዱ ጠርዝ ላይ አሳረፈችው።

"አውራ ጣቴ አይቆርስልኝም" አለች። "ሁለት ዓመት ሆነው።"

ይርጋነሽ ቀና ብላም አላየቻት። እንጀራውን ቆራርሳ በወጥ እያራሰች ወደ እሷ በኩል ገፋችላት።

"ታዲያ ቀስ ብለሽ ብዪ። ማን አባሮሽ!"