ፈዛዛ ያልኳት ልጄ

እኔ ጠርቼው የሚዘገይብኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል። ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ተሰልፌ ስጠብቅ ውዬ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ልጄን ልጠብቅ? «ፅዮን!» እላለሁ። ማንኪያዋን እንደያዘች ግድግዳውን ታያለች። አፏ ውስጥ ምንም ሳይኖር ታላምጣለች። «አንቺ ፈዛዛ፣ ለማን ነው የምናገረው?» ከደቂቃ በኋላ «ዋት፣ ባባ?» ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ንቀት መሰለኝ።

ዘጠኝ ዓመቷ ላይ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2006 መሆኑ ነው፣ ትምህርት ቤት ወድቃ ተንቀጠቀጠች። መድኃኒት ጀመሩላት፤ አልሆነም። ቀየሩላት፤ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ለጭንቅላት ኤምአርአይ አውሮራ ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ላኩን። ማሽኑ ውስጥ ሲያስገቧት ውጭ የቀረውን እግሯን ይዤ ቆምኩ። ያ ሁሉ ጩኸት እያለ ንቅንቅ አላለችም፤ ታዛዥ ልጅ ናት።

በሳምንቱ ፅዮንን ነርሷ ጋ ትተን እኔና ባለቤቴ ወይንሸት ዶክተሯ ቢሮ ገባን። ዶክተሯ በስልክ አስተርጓሚ ልትጠራ ስትል «እኔ እያለሁ የምን አስተርጓሚ?» ብዬ ከለከልኳት። ኮምፒውተሩ ላይ የልጄን አንጎል አሳየችን። በግራ ጆሮዋ በኩል፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንድ ቦታ ነጣ ብሏል። ጠባሳ ነው አለች። ሕፃን ሆና በትኩሳት ለረጅም ጊዜ አንቀጥቅጧት ያውቃል ወይ ስትል ጠየቀችኝ።

«ኖ» አልኳት። ፎርሙ ላይም የሞላሁት እሱኑ ነው።

«ምን አለች?» አለች ወይንሸት።

«ትኩሳት ነበራት ወይ ነው የምትለው።»

ወይንሸት ፎቶውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ንዋይ፣ ያን ቀን ነው የምትጠይቅህ። ንገራት።»

ያን ቀን ፅዮን የአሥራ ሦስት ወር ልጅ ነበረች፤ ያኔ የምንኖረው እዚሁ አጠገብ ግሌንዴል ነበር። እንደ እሳት ስትፋጅ ውላ ዓይኗ ተገለበጠ። አምቡላንስ ልጠራ ስልክ አንስቼ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ሮማን እጄን ያዙኝ፦ «የሚጥል በሽታ አለባት ከተባለ ስም ይወጣላታል። ነገ ማን ያገባታል?» ክብሪት ጭረው አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። ልጄ አርባ ደቂቃ ተንቀጠቀጠች። ሲለቃት ክብሪቱ ነው ያዳናት አልን፤ ለማንም ላንናገር ተማማልን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ሰው የምመክረው እኔ ነኝ እንግዲህ።

«በኋላ እነግራታለሁ» አልኩ።

«አሁን ንገራት። ክብሪቱንም ንገራት።»

ነገርኳት። ለተሳፋሪ የሚበቃው እንግሊዝኛዬ ጠፋብኝ። «ስም ይወጣላታል» የሚለውን እንዴት እንደምለው ስላላወቅኩ «ሼም» አልኩ። ዶክተሯ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ በተሻለኝ ነበር።

«ያን ቀን አምቡላንስ ብንጠራ ኖሮ ጠባሳው አይኖርም ነበር?» አልኳት።

«ላይኖር ይችል ነበር፤ ሊኖርም ይችል ነበር። ማወቅ አንችልም።»

ከዚያ ያስረዳችኝን ለወይንሸት እያቃጠለኝ አስተረጎምኩላት። መፍዘዟም በሽታው ነው፤ ማላመጧም በሽታው ነው፤ በዚያች ሰዓት ብትጠራት አትሰማም። መድኃኒቱ እምቢ ስላለ ምርመራውን ጨርሰው ጠባሳውን በኦፕሬሽን ሊያወጡት ያስባሉ። ይድናል ብላ ግን ቃል አልገባችልኝም።

በታክሲዬ ስንመለስ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ፣ ወይንሸት ከኋላ ወንበር ፅዮንን አቅፋ ቀስ ብላ ነገረቻት። «ስንጠራሽ የማትሰሚው አሞሽ ነው፣ እናቴ። አንቺ አይደለሽም።»

ፅዮን ቀና ብላ በመስተዋቱ አየችኝ። «ሶ፣ ኢት ዋዝንት ሚ?»

«አይደለሽም» አልኳት።

«በት አይ ፕሬይድ» አለች። ከዚያ ለእናቷ እንዲገባት ብላ በዚያች ስብርብር አማርኛዋ ጀመረች፦ «በየማታው እግዚአብሔርን እለዋለሁ፣ ጥሩ ልጅ አድርገኝ። ባባ ሲጠራኝ ልስማ። ባባ ይውደደኝ።»

ዳር ይዤ ፓርክ አደረግኩ። ዞሬ ላያት አልቻልኩም።